እርጥቡ መሳያ ድንጋይ

ጋሽ መኮንን አርባ ዓመት ሙሉ በሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ሲያንሸራትቱ አንድም ሰው አልጎዱም። እሁድ ረፋድ ላይ ግን የገዛ ጉሮሯቸው ተቆርጦ፣ ቡራዩ ባለው ፀጉር ቤታቸው፣ በደንበኛ ወንበር ላይ ተገኙ። ራሳቸው ወደ ኋላ ተንጋሏል። ትከሻቸው ላይ የተጣለው ነጭ ፎጣ ነጭ መሆኑ ቀርቷል። ቀኝ ጉንጫቸው ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል፤ በግራው ላይ የሳሙና አረፋ እንደተቀባ ደርቋል። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ አርፎ አሮጌውን ተጣጣፊ ምላጭ ይዟል።

ኮንስታብል ጉታ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ኢንስፔክተር መኪያ ከመኪና ስትወርድ ገና ሰላምታ ሳይሰጣት ፍርዱን ሰጠ።

«ኦቦ መኮንን ራሳቸውን ነው ያጠፉት፣ ኢንስፔክተር። ምላጩ በእጃቸው ነው። የተሰበረ ነገር የለም፣ የተወሰደ ነገር የለም። ሚስታቸው ከቅዳሴ ሲመለሱ በሩን ገርበብ ብሎ አገኙት።»

«ግማሽ ፊታቸውን ተላጭተው?»

«እ?»

«ለመሞት የተነሳ ሰው ግማሽ ፊቱን ለምን ይላጫል?»

ጉታ ትከሻውን ሰበቀ። ጥሩ ፖሊስ ነው፤ ችግሩ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆኖ ይታየዋል።

መኪያ አርባ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ቀጭን፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት ናት። ከቡራዩ በፊት ሱሉልታ ስትሠራ አንድ መዝገብ «ራሱን አጥፍቷል» ብላ በችኮላ ዘግታ ነበር። መሳሳቷን ያወቀችው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ያኔ ሟቹ ያለ ጸሎት ተቀብሮ፣ እናቱ ከሰው ዓይን ተደብቃ መኖር ጀምራ ነበር። ከዚያ ወዲህ የስልኳን መብራት አብርታ ሬሳ ላይ ስታጎነብስ አትቸኩልም።

መጀመሪያ አንገታቸውን አየች። ማተባቸው ላይ ያለችው ትንሽ የነሐስ መስቀል ጫፏ ላይ ተጭራለች፤ ጭረቱ አዲስ ስለሆነ ያብረቀርቃል። ቁርጡ እሷን ነክቶ አልፏል። ቀጥላ ምላጩን አየች። ጀርባው ጠርቷል። ስለቱም ጠርቷል፣ አንዲት ጉድለት የለውም። በጀርባውና በስለቱ መሀል ባለው ጎድጓዳ ላይ ግን ደም ደርቋል። ለምን እንዲህ እንደሆነ አልገባትም፤ ያልገባትን ነገር ደግሞ አትረሳም።

መደርደሪያው ላይ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት መሳያ ድንጋዮች ነበሩ፤ አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ቡናማ። የጥቁሩ ጨርቅ ደረቅ ነው። የቡናማውን ስትነካ ጣቷ ረጠበ። ከጎናቸው አንድ የእንጨት ሳጥን አለ። የጋሽ መኮንን ደንበኞች በሽታ ስለሚፈሩ እያንዳንዱ የራሱን ምላጭ እዚያ ያስቀምጣል፣ ስሙም እጀታው ላይ ተጭሯል። በሟቹ እጅ ያለው ምላጭ ግን ስም የለውም።

«እሱ የመምህሩ ነው፣» አሉ ከኋላዋ ወይዘሮ ቦሰና። የሟች ሚስት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከቅዳሴ እንደመጡ በሩ ላይ ቆመዋል። «ሥራውን ያስተማሩት ሰውዬ ሲሞቱ የተዉለት። ሌላ ሰው አይላጭበትም፤ እሱ ብቻ ነው የሚላጭበት።»

«ራሳቸውን ነበር የሚላጩት፣ እትዬ ቦሰና?»

«በጭራሽ! አርባ ዓመት ራሱን ሲላጭ አይቼው አላውቅም። እሁድ እሁድ ጋሽ ሙሴ ከሰበታ ይመጣሉ። እሳቸው እሱን ይላጫሉ፣ እሱ እሳቸውን። አንድ መምህር ነው ያስተማራቸው። እሳቸው ካልመጡ ኤልቃና ይላጨዋል፣ አብሮት የሚሠራው።»

«ዛሬ ማን መጣ?»

«እኔ በሌሊት ወጥቼ ቅዳሴ ነበርኩ። ምኑን አውቄ።» የመኪያን እጅ ያዙ። «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። የሰበካው ቄስ ‹ፖሊስ ራሱን አጥፍቷል ካለ ፍትሐት የለም› አሉኝ። ቀብሩ ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ነው። እንደ ውሻ ይጣልብኝ?»

መኪያ የሱሉልታዋ እናት ትዝ አለቻት። ምንም ቃል አልገባችም፤ የሴትየዋን እጅ ግን ቶሎ አልለቀቀችም።

ሰኞ ማለዳ ኤልቃናን ባዶው ፀጉር ቤት ውስጥ ቆሞ አገኘችው። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ከወላይታ ለግንባታ ሥራ መጥቶ፣ ስሚንቶ ሲሸከም ጋሽ መኮንን አይተውት መቀስ አስያዙት። በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ውስጥ ይዘምራል። ጉታ ከሌሊት ጀምሮ እሱን ጠርጥሮ ጨርሷል፣ ምክንያቱም የጋሽ መኮንን ወንድም ልጅ የሆነው በሪሁን «ኤልቃናን ያዙት» ብሎ በሰፈሩ ለፍፏል።

«እሁድ ጠዋት የት ነበርክ?»

«አምልኮ የሚጀምረው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ቤቴ ነበርኩ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን፣ ኢንስፔክተር። ሰው አላየኝም።» ይህን ሲል አንገቱን አልደፋም።

መኪያ ወደ ድንጋዮቹ ጠቆመች። ሰውን ስለ ሥራው መጠየቅ ትወዳለች፤ ስለ ሥራው የሚያወራ ሰው መጠንቀቁን ይዘነጋል ብላ ታምናለች።

«እነዚህ ለምንድን ናቸው?»

«ጥቁሩ ስለት ማጥሪያ ነው። እሳቸውና ጋሽ ሙሴ በወጣትነታቸው ከሱሉልታ ወንዝ ያወጡት ነው። ጥጥር ስለሆነ ውሃ አይጠጣም፣ ወዲያው ይደርቃል። ቡናማው ሻካራ ነው፣ ውሃ ይጠጣል፤ አንዴ ከረጠበ ቀን ሙሉ አይደርቅም። እሱ የሚወጣው ምላጭ ሲሸረፍ ብቻ ነው።»

«በየቀኑ አይሳልም?»

«የለም! በየቀኑ ምላጩን የቆዳ ቀበቶ ላይ ማመላለስ ይበቃል። ቡናማውን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት በመስቀል ሰሞን ነው፣ አንድ ደንበኛ ምላጩን ስሚንቶ ላይ ጥሎት።»

«አንተ ትስላለህ?»

«ማየት ብቻ ነበር የተፈቀደልኝ። አሥራ ሁለት ዓመት አየሁ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አርብ ዕለት ግን ‹ከእሁድ በኋላ ጥቁሩ ያንተ ነው› አሉኝ። ለምን ከእሁድ በኋላ እንዳሉ አልጠየቅኋቸውም።»

ከግቢው ጀርባ በሪሁን የወንበር እግር እየጠረበ ነበር። ትልቅ አንገት ያለው ቁጡ አናጺ ነው። ከአጎቱ ጋር መጣላቱን አልካደም፤ የፊት ለፊቱን ክፍል ለአናጺነት ስጠኝ ብሎ፣ እሳቸው አሻፈረኝ ብለውት ሁለት ሳምንት አልተነጋገሩም።

«ተጣላሁ ማለት ገደልኩ ማለት ነው? የአባቴ ወንድም እኮ ነው!»

«ስለት ታውቃለህ?»

«ቀኑን ሙሉ መሮ የምስል ሰው ነኝ።» መሮውን አንስቶ ጀርባውን ከድንጋዩ ከፍ አድርጎ፣ አፉን ብቻ አስነክቶ ገፋ ገፋ አደረገ። «እንዲህ ነው። ስለት ሁሉ እንዲሁ ነው።»

መኪያ እጁን ትኩር ብላ አየችና አመስግናው ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሰበታ ገቡ። ጋሽ ሙሴ ጠባብ ፀጉር ቤታቸው ውስጥ ጥቁር ጋቢ ለብሰው፣ ደንበኛ በሌለው ወንበር አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ሽማግሌው አልቅሰው ዓይናቸው አብጧል። መኪያ መታወቂያዋን ሰጠቻቸው፤ ስትሰጣቸው ፎቶው ወደ ታች ተዘቅዝቆ ነበር። እሳቸውም እንደተዘቀዘቀ አይተው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው መለሱላት።

«እሁድ ቡራዩ አልሄዱም፣ ጋሽ ሙሴ?»

«ወገቤ ይዞኝ ቀረሁ፣ ልጄ። ሄጄ ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር። ሰሞኑን ዝም ዝም ይል ነበር። የሆዱን ማን ያውቃል።»

«ራሳቸውን ያጠፉ ይመስልዎታል?»

«እንዲህ ማለት ይከብደኛል።» ካሉ በኋላ ግን አሉት። «ይመስለኛል።»

መኪያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ምላጭ አወረደች። «ሲሸረፍ በምን ያውቃሉ?»

ሽማግሌው ተነቃቁ። ምላጩን ተቀብለው ስለቱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ቀስ አድርገው ሳቡት። ጥፍሩ በዘመን ብዛት መስመር መስመር ሠርቷል። «እንዲህ። ዓይን የሳተውን ሽራፊ ጥፍር ያገኘዋል። የፀጉርን ያህል ቢጎድል እንኳ ይይዛል።»

«ከዚያስ?»

«ሻካራ ድንጋይ ላይ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ ልስልሱ ላይ። ምላጭ እንደ ቢላ ቀና ተደርጎ አይሳልም። ያስተኙታል። ጀርባውና ስለቱ እኩል ድንጋዩን እየነኩ ይሄዳሉ፣ መሀሉ ጎድጓዳ ስለሆነ አይነካም።» ምላጩን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «የተሸረፈ ምላጭ አስቀምጬ እንቅልፍ አይወስደኝም። መኮንንም እንዲያው ነበር።»

ጉታ ሻይ ሊጠጣ ብርጭቆ እያነሳ ነበር። ኢንስፔክተሯ በታጠፈው ምላጭ ላይ ድንገት ዓይኗን ስትተክል አይቶ መልሶ አስቀመጠው።

«ዓይንዎ ደህና ነው፣ ጋሽ ሙሴ?» አለች።

«እንደ ጭልፊት!»

ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ቡራዩ ፀጉር ቤት ውስጥ ተሰበሰቡ። ሬሳው ከምርመራ ተመልሶ ከጎን ባለው ክፍል ተቀምጧል። ሐኪሞቹ ቁስሉ አንድና ጥልቅ መሆኑን ጽፈዋል፤ ምላጩን ማን እንደያዘው ግን ሐኪም ሊያውቅ አይችልም። ወይዘሮ ቦሰና አጠገብ የሰበካው ቄስ ተቀምጠዋል። በሪሁን ግድግዳ ተደግፏል። ኤልቃና ቆሟል፤ የደንበኛው ወንበር የሚቀመጥበት ሰው ጠፍቶ ባዶውን ነው። ጋሽ ሙሴ ከዘራቸውን ይዘው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«አባ፣ እርስዎን ነው የማስቀድመው፣» አለች መኪያ ለቄሱ። «ጋሽ መኮንን ራሳቸውን አላጠፉም።»

ወይዘሮ ቦሰና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ማስረጃ?» አሉ ቄሱ። ደግ ሰው ናቸው፣ ግን እሳቸውም አለቃ አለባቸው።

«እነግርዎታለሁ። ምላጩ ጉሮሯቸውን ሲቆርጥ ማተባቸው ላይ ያለችውን መስቀል መታ። ጭረቱ ውስጥ የብረት ስባሪ ተሰክቶ አግኝተናል። ምላጭ እንደ ወረቀት ስስ ነው፤ ነሐስ ሲነካ ይሸረፋል። ታዲያ በእጃቸው የተገኘው ምላጭ ለምን ሙሉ ሆነ?»

«ሌላ ምላጭ ይሆናላ፣» አለ በሪሁን።

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አሰብኩ። ግን የዚህ ምላጭ መሀሉ ላይ የደረቀ ደም አለ፤ የእሳቸው ደም ነው። ጀርባውና ስለቱ ግን ጠርተዋል። ምላጭ ተኝቶ ሲሳል ድንጋዩ የሚነካው ሁለቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ምላጩ የተሳለው ከደሙ በኋላ ነው። ሽራፊውን ለማጥፋት ቡናማው ድንጋይ ወጣ፤ እኔ ስነካው ገና አልደረቀም ነበር። የሞተ ሰው ደግሞ ምላጭ አይስልም።»

ቄሱ ቀስ ብለው አማተቡ።

«እዚህ ክፍል ውስጥ፣» ስትል ቀጠለች፣ «እሳቸው ሬሳ ሆነው ወንበሩ ላይ እያሉ፣ አንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ምላጭ ሳለ። ማነው? በሪሁን አይደለም። በሪሁን ስለት ሲስል ጀርባውን ከፍ ያደርጋል፤ እሱ ቢሆን የምላጩ ጀርባ ደም ይኖረው ነበር። የሳለው ምላጭ የሚያውቅ ሰው ነው። ሁለት ሰው ይቀራል።»

በሪሁን ወደ ኤልቃና አንድ እርምጃ ተራመደ። ጉታ በደረቱ መለሰው።

«እኔ ሰበታ ነበርኩ፣» አሉ ጋሽ ሙሴ በረጋ ድምፅ። «ኤልቃና ደግሞ እዚሁ ነው የሚውል። እኔ እንኳ በልጁ ላይ ክፉ መናገር አልፈልግም።»

«አይናገሩ። አንድ ነገር ብቻ ያግዙኝ።» መኪያ ከቦርሳዋ የታጠፈ ምላጭ አውጥታ ሰጠቻቸው። «ይሄ ለደንበኛ ይሆናል?»

ሽማግሌው ዘረጉት። ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት፣ አገላብጠው አዩት። ከዚያ ስለቱን በጥፍራቸው ላይ ሳቡና ፈገግ አሉ።

«ሙሉ ነው። ጥሩ ሰው ነው የሳለው።»

«ንጹሕ ነው? ምንም የለበትም?»

«ምንም።»

መኪያ ምላጩን ተቀብላ ለኤልቃና አቀበለችው። እሱ ገና ሳይነካው ፊቱ ተለወጠ።

«ጋሽ ሙሴ...» አለ። «መሀሉ ላይ የጥፍር ቀለም አለ። ቀይ ነው። እዚህና እዚህ።»

ለሁሉም አሳየ። የባቄላ ፍሬ የሚያህል ሁለት ቦታ ላይ ተቀብቷል፤ ቄሱ እንኳ ከተቀመጡበት አዩት።

«ዓይኑ የሚያይ ሰው ግማሽ ሰዓት ሲስል ያንን ደም ያየው ነበር፣» አለች መኪያ። «አይቶም ያጥበው ነበር። የመስቀሏንም ጭረት ያይ ነበር። የሳለው ሰው ግን ሽራፊውን በጥፍሩ አገኘ እንጂ ደሙን በዓይኑ አላየም። ትናንት መታወቂያዬን ዘቅዝቄ ሰጠሁዎት፣ ጋሽ ሙሴ። ሳያቃኑት እንዳነበበ ሰው መለሱልኝ።»

ጋሽ ሙሴ ከዘራቸው ላይ ሁለት እጃቸውን አስደገፉ።

«እጄ ስቶ ነው፣» አሉ።

«እጁ የሳተ ሰው ይጮሃል። ጎረቤት ይጠራል። እርስዎ ድንጋይ አረጠቡ።»

ጋሽ ሙሴ የተናገሩት ለመኪያ ሳይሆን ለባዶው ወንበር ነበር።

«ጥቁሩን ድንጋይ ያወጣነው አብረን ነው። ወንዙ ውስጥ እሱ እኔን ይዞኝ፣ እኔ ድንጋዩን ይዤ። እሁድ ግማሹን እንደላጨሁት ‹ሙሴ፣ ጆሮዬን ሁለቴ ነካህ፤ በቃህ፣ አስቀምጥ› አለኝ። ‹ዛሬ ለልጅህ ለኤልሳቤት ደውዬ እነግራታለሁ፣ ሰው ሳትጎዳ ዓይንህን ታሳክምህ። ጥቁሩን ለኤልቃና እሰጣለሁ› አለ። አልተቆጣም። እያዘነልኝ ነው የተናገረው። እሱ ነው ያቃጠለኝ። ሌላ ሥራ አላውቅም እኮ! ያለ ምላጭ እኔ ምን እሆናለሁ? ሲያዝንልኝ ስሰማ... ምላጩ እጄ ላይ ነበር።»

ወይዘሮ ቦሰና ተነሱ። እኚህን ሰው አርባ ዓመት «እርስዎ» ሲሉ ኖረዋል።

«ገደልከው፣ ሙሴ። እሺ፣ ተናደድክና ገደልከው። ግን ለምን ምላጩን እጁ ላይ አኖርክበት? ያለ ፍትሐት እንዲቀበር? ነፍሱ ደግሞ ምን አደረገችህ?»

ጋሽ ሙሴ ቀና አሉ። እውነትም ጥያቄው ያልጠበቁት ነበር።

«እሱን አላሰብኩም፣ ቦሰና። በእግዚአብሔር ስም አላሰብኩም። ምላጩን ስጠርግ ጥፍሬ ሽራፊውን ነካው። የመምህራችን ምላጭ ነው። እሱን ብቻ ነበር የማስበው። ስሎ የጨረሰ ሰው ምላጩን ለባለቤቱ ነው የሚመልሰው፤ እኔም መለስኩለት።»

ጉታ እጃቸውን ሲይዛቸው አልታገሉም። ደረጃውን ሲወርዱ እግራቸው ሳተ፤ ኤልቃና ነው ዘሎ የደገፋቸው። ከዚያ እጁን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበ።

ቄሱ ተነስተው መቋሚያቸውን አነሱ። «ፍትሐቱ ይደረጋል። ሰዓቱ እንዳያልፍ አዘጋጁት፣» አሉ።

ወይዘሮ ቦሰና ወደ ጎን ክፍል ገብተው፣ ወዲያው ተመለሱ። አሁን አያለቅሱም።

«ኤልቃና፣ ግራ ጉንጩ እንደዚያው ነው። ግማሽ ተላጭቶ አይቀበርም።»

ኤልቃና ቄሱን አየ፤ የሌላ እምነት ሰው ነውና አንድ ነገር ይሉኛል ብሎ ሰጋ። ቄሱ ወደ ውጭ ማየት መረጡ። መደርደሪያው ላይ ያለውን ጥቁር ድንጋይ ለማስረጃ መያዝ የመኪያ ግዴታ ነበር። ጉታ ሊያነሳው እጁን ሲዘረጋ ግን ያዘችው።

«ቡናማው ይበቃናል፣» አለችው።

ኤልቃና ከሳጥኑ ባለቤት የሌለው ምላጭ ፈልጎ አጣ። የራሱን አወጣ። ጥቁሩን ድንጋይ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ውሃ ጠብ አደረገበትና፣ ምላጩን አስተኝቶ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሲያየው የኖረውን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ ሠራው። ከጨረሰ በኋላ ድንጋዩን አጥቦ በጨርቁ ጠቀለለው፤ ምላጩንም ይዞ ወደ ጎን ክፍል ገባ።

መኪያ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። የመሄጃ ጊዜዋ አልፏል፣ ግን መሄድ አልቻለችም። ስድስት ሰዓት ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲሰማ ወይዘሮ ቦሰና በመዳፋቸው የባላቸውን ሁለቱንም ጉንጭ ዳሰሱ፤ እኩል ለስልሰው ነበር።